የቅዳሜ ቢላዎች

አረጋሽ ቦሼ በተከራየችው ቤት ግድግዳ ላይ አሥራ አራት ቢላዎች ተሰክተው ነበር። ያ እንግዲህ የተረፈው ነው። ለጎረቤት ሰጥታለች፣ ለክሊኒኩ ዘበኛ ሰጥታለች፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት ጅንካ ላይ ካገቡት ወዳጆቿ መካከል ከእሷ ቢላዋ ያልተቀበለ ሙሽራ የለም። አብራት የምትኖረው ታይፒስቷ ያለምወርቅ፣ "ለሙሽራ ቢላዋ የሚሰጥ ሰው እስካሁን አላየሁም። ስትጣሉ ተራረዱ ነው?" እያለች ትቀልድባታለች። አረጋሽ ትስቅና በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ወርዳ ሌላ ገዝታ ትመለሳለች።

ከማን እንደምትገዛ ያለምወርቅ ታውቃለች። ከገበያው ዳር፣ ከሸክላ ሻጮቹ አጠገብ፣ ማዳበሪያ ጆንያ ዘርግቶ ከሚቀመጥ ሽበታም ቀጥቃጭ ነው። የማታውቀው ሽማግሌው የአረጋሽ አባት መሆኑን ነው። ይህን ጅንካ ውስጥ አንድም ሰው አያውቅም ነበር።

በእነ አረጋሽ አገር፣ በገዘር በኩል ባለው የአሪ ደጋ፣ ገበሬና ቀጥቃጭ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ አንድ ዝናብ ይጠብቃሉ፤ ከአንድ ገበታ ግን አይበሉም። ገበሬው ማጭዱንም መጥረቢያውንም ከቀጥቃጩ ደጅ ድረስ መጥቶ፣ ውጭ ቆሞ ተቀብሎ ይሄዳል። ቀጥቃጩ ገበሬ ቤት ድግስ ቢጠራ ምግቡ ከአጥር ውጭ በእንሰት ቅጠል ይቀርብለታል። ሰው ሁሉ እኩል ነው የሚለው አዋጅ ከተነገረ አሥር ዓመት አልፎታል፤ በጸሎት ቤትም ሁሉም ባንድ አግዳሚ ተቀምጦ አብሮ ይዘምራል። ቤት መግባትና መብላት ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ድንገት ሆዱን ያመዋል።

አረጋሽ አዳሪ ትምህርት ቤት የገባችው በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን አባቷ በቅል ማር ይዞላት በሩ ላይ ቆመ። ልጆቹ ማሩን ሳይቀምሱ ተበታተኑ፤ ማታ ደግሞ አጠገቧ የምትተኛው ልጅ አልጋ ለወጠች። ቦሼ ይህን ሲሰማ አልተቆጣም። "ከዛሬ ጀምሮ በሰው ፊት አላውቅሽም፣ አንቺም አታውቂኝም። በእግርሽ እስክትቆሚ ነው" ብሏት ሄደ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አረጋሽ ጤና ረዳት ሆና በእግሯ ቆመች፤ ውሉ ግን እንደነበረ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ቢላዋ ያቀርብላታል፣ እሷ ሳትከራከር ትገዛዋለች። "ስለቱ እንዴት ነው?" ትለዋለች። "ደህና ይቆርጣል፣ እሜቴ" ይላታል። በዚህ ብቻ ጤንነታቸውን ተጠያይቀው ይለያዩ ነበር።

እንዲህ እንደተደበቁ ዕድሜ ልክ መኖር ይቻል ይሆናል፤ ፍቅር ካልመጣ። ፍቅር ደምሰው የሚባል የጋራዥ መካኒክ ሆኖ መጣ። ደምሰው የገዘር ገበሬ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ነገር ሲበዛበት ዝም የሚል ሰው። ሽማግሌ የት እንደሚልክ ሦስት ጊዜ ጠይቋታል፤ ሁለት ጊዜ "ቆይ" አለችው። በሦስተኛው፣ "አረጋሽ፣ ካልፈለግሽኝ ንገሪኝ። ከፈለግሽኝ ደግሞ የአባትሽን ደጅ አሳዪኝ። ፋሲካ ሳይደርስ" አላት። ያንን ሌሊት አልተኛችም። በዚያ አገር የሽማግሌ ነገር የሚጸናው ሽማግሌዎቹ የልጅቷ አባት ቤት ገብተው እህል ሲቀምሱ ነው። ካልቀመሱ ቃሉ ቃል አይደለም። የትኛው የገዘር ሽማግሌ ነው ከቀጥቃጭ ቤት ገብቶ የሚቀምስ?

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ፣ ተማሪ ቤት ለመንፈቀ ዓመት ሲዘጋ፣ ወዳጃቸው የጂኦግራፊ አስተማሪው ጥላሁን አረጋሽን፣ ያለምወርቅንና ደምሰውን ሽርሽር እንሂድ አላቸው። ከገዘር መንገድ ገባ ብሎ ፏፏቴ አለ፣ ከፏፏቴው በላይ ደግሞ ድሮ ብረት ይቆፈርባቸው የነበሩ ጉድጓዶች አሉ ብለው ተማሪዎቹ ነግረውታል። አረጋሽ ፏፏቴውንም ጉድጓዶቹንም ከማንም በላይ ታውቃለች። የአባቷ ቤት ከጉድጓዶቹ አንድ ጥሪ ያህል ቢርቅ ነው። እምቢ ልትል አፏን ከፈተችና ድንገት ሌላ ሐሳብ መጣላት።

"ቅዳሜ ከሆነ እሄዳለሁ" አለች።

ቅዳሜ አባቷ ገበያ ነው። ለደምሰው ፏፏቴው ጋ ትነግረዋለች፤ ቤቱን ከሩቅ በጣቷ ታሳየዋለች። ደምሰው ፊቱን ቢያዞርባት እንኳ አባቷ አያይም። የራሷን ውርደት ትችለዋለች፤ የአባቷን ማየት ግን አትችልም። ባለፈው ቅዳሜ ቢላዋዋን ስትቀበል፣ "ለሚቀጥለው አልመጣም፣ መንገድ አለብኝ" ብላው ነበር። በከንቱ ቆሞ እንዳይጠብቃት ብላ ነው።

አራቱም ገና ጎህ ሲቀድ ጨውና ሳሙና ጭኖ ወደ ገዘር በሚወጣ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈሩ። ከኋላቸው የጅንካ የአውሮፕላን ሜዳ ከነሣሩ፣ በላዩ ከሚግጡት ከብቶች ጋር እያነሰ ሄደ። ጥላሁን ጨው ጆንያ ላይ እንደ ሊቀመንበር ተቀምጦ ስለ ድንጋይ ዓይነቶች አስተማረ፤ ያለምወርቅ አቧራውን በነጠላዋ እየተከላከለች "ፈተና አለው?" ስትል ጠየቀችው። ሾፌሩ ከአንድ የመንገድ ኩርባ ላይ አወረዳቸውና፣ "አሥር ሰዓት ሲሆን እዚሁ ቆሜ ጥሩምባ እነፋለሁ። አንድ ጊዜ ነው የምነፋው" ብሎ ሄደ።

ፏፏቴው በበጋም አይደርቅም። ከእንሰቱ ተክል በላይ ካለው ጥቁር ዐለት ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከሥሩ ያለው ኩሬ ጠጠሩ እስኪታይ ድረስ የጠራ ነው። ጥላሁን ሱሪውን ጠቅልሎ ገባና በቅዝቃዜው ጮኸ። ያለምወርቅ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝና በፔርሙዝ የተያዘ ሻይ ዐለት ላይ ደረደረች። ደምሰው አጠር ያለ ጸሎት አደረገ፤ ጥላሁን ጸሎቱ እስኪያልቅ በጨዋነት ዝም ብሎ እንቁላሉን ብቻ ላጠ።

አረጋሽ ዳቦዋን ሳትቀምስ መልሳ ዐለቱ ላይ አኖረችው። ደምሰው ከምሳ በኋላ ወደ ውሃው ዳር ወርዶ እጁን ሲታጠብ ተከተለችው። የብየዳ ፍንጣሪ በጠባሳ ነቁጥ በነቁጥ ያደረገው እጅ ነበር። "አሁን" አለች በልቧ። ደምሰው ቀና ብሎ ውሃ ረጫትና እንደ ሕፃን ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም። ይህን ሳቅ ልታጠፋው ነው? ሌላ አምስት ደቂቃ ይሳቅ ብላ ዝም አለች። ከዚያም ሌላ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ጥላሁን "ተነሱ፣ ወደ ጉድጓዶቹ!" አለና ዕድሉ አመለጣት።

"የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ይባላል። ዳገቱን ወጥተው ከቀርከሃው ሲወጡ፣ ከመጀመሪያው ጉድጓድ አፍ አጠገብ አንድ ሽማግሌ የከሰል ክምር ላይ አፈር ይመልሳል። ቦሼ ነበር።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አራቱንም አየ፤ ዓይኑ በአረጋሽ ላይ እንደ ሌሎቹ እኩል ያህል ብቻ ቆይቶ አለፈ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ጓዶች" አለ።

"እንዴ!" አለች ያለምወርቅ። "የቢላዋው አባት አይደሉም? አረጋሽ፣ ደንበኛሽን እይ! ዛሬ ገበያ አልወረዱም እንዴ?"

"ዛሬ ደንበኛዬ አልመጣም ብላለች" አለ ቦሼ ሳይስቅ። "ምን ልሠራ እወርዳለሁ?"

ሦስቱ በቀልዱ ሳቁ። አረጋሽ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው የሦስት ሰዓት መንገድ ወርዶ የሦስት ሰዓት ዳገት የሚወጣው ለገበያ መስሏት ነበር። ለካ ለእሷ ነው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከጭሱ እንደሆነ ለማስመሰል ፊቷን አዞረች።

ጥላሁን ጉድጓዶቹን እንዲያሳያቸው ለመነው። ቦሼ እጁን አራግፎ ከፊት ቀደመ። ጉድጓዶቹ ወደ ተራራው ሆድ አግድም የገቡ ናቸው፤ አፋቸውን ቅጠላ ቅጠል ሸፍኖታል፣ ከውስጥ ቀዝቃዛ የሌሊት ወፍ ሽታ ያለው አየር ይመጣል። ሽማግሌው በዝግታ፣ ቃል እየመረጠ ነገራቸው። አያቱ ከወንድሞቹ ጋር የቀርከሃ ችቦ ይዘው በሆዳቸው እየተሳቡ ይገቡ ነበር። ቀዩን ከባድ አፈር ሴቶቹ በቅርጫት ያወጡታል። ከዚያ በወናፍ ሲነፋ ያድራል። ከእግራቸው ሥር የተበታተነው ጥቁር ድንጋይ ብረቱ ሲቀልጥ የተፋው ነው።

"ታዲያ ለምን ተተወ?" አለ ደምሰው።

"መንገድ መጣ። ከመንገዱ መኪና መጣ። ከመኪናው ባሌስትራ መጣ" አለ ቦሼ። "የተሰበረ የባሌስትራ ብረት ገዝተህ መቀጥቀጥ እያለ ማን በሆዱ ይሳባል?"

ደምሰው ሳቀ። "ባሌስትራውን የሚሸጥላችሁ የኛ ጋራዥ ነዋ!"

ሽማግሌው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ደምሰውን ትኩር ብሎ አየው። እጁን ያዘና ገልብጦ ጠባሳዎቹን መረመረ። "የማን ልጅ ነህ?"

"የገዘር ገበሬ ልጅ ነኝ።"

"እንግዲያስ እጅህ ቤት ተሳስቷል" አለው ቦሼ።

ጥላሁን በዚህ መካከል ከአንዱ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነበር። "ይህን ማረሻ፣ ይህን መጥረቢያ የሰጠንን ሕዝብ ነው ከደጃችን ስናባርር የኖርነው! አፈርኩ!" አለ፤ የእውነቱንም ነበር። ቦሼ ራሱን ዝቅ አድርጎ በትሕትና ሰማው። እንዲህ ያለ ንግግር ብዙ ሰምቷል፤ ከንግግሩ በኋላ ቤት የገባ ሰው ግን አላየም።

"አባት፣ ታዲያ ሥራውን የሚወርስ ልጅ አለዎት?" አለ ደምሰው።

"የለኝም።"

"አንድም?"

"አንድም" አለ ቦሼ። አሥራ አንድ ዓመት ተለማምዶታል።

አረጋሽ ሲደርስባት መታገስ የምትችል ሴት ነበረች። ይህን ግን አልቻለችም። ገበያ ላይ "እሜቴ" ማለቱ ጨዋታ ይመስላት ነበር፤ "አንድም" የሚለው ቃል ግን ጨዋታ አልመሰላትም። እሷ ለራሷ ስትደበቅ አባቷን ልጅ አልባ እንዳደረገችው የገባት ያኔ ነው።

"አለው" አለች። "እኔ አለሁ።"

ቦሼ ደነገጠና እጁን እያወናጨፈ ወደ እንግዶቹ ዞረ። "ፀሐይ ነው! ልጅቱን ፀሐይ መቷታል። ውሃ ስጧት!"

"ፀሐይ አይደለም፣ አባባ።" መጀመሪያ በአሪኛ አለችው፤ ቀጥላ ሁሉም እንዲሰሙ በአማርኛ ደገመችው። "አባቴ ነው። ቀጥቃጭ ነው። ያ ከእንሰቱ ሥር ያለው ቤታችን ነው። ደምሰው፣ ደጁን አሳዪኝ አልከኝ አይደል? ያውልህ።"

ያለምወርቅ አፏን በእጇ ያዘች። "ቢላዎቹ…" አለችና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አሥራ አራቱ ቢላዎች በዓይኗ መጡባት፤ ስትቀልድ የኖረችውም ሁሉ አብሮ መጣባት።

ደምሰው ዝም አለ። የደምሰው ዝምታ ረጅም እንደሆነ አረጋሽ ታውቃለች፤ እንደዚያን ቀን ግን ረዝሞባት አያውቅም። ቤቱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ እሷን።

"ሦስት ጊዜ ጠየቅሁሽ" አለ በመጨረሻ። ተጎድቶ ነበር።

"ፈራሁ።"

"እኔን?"

"አንተንም። የእናትህንም ገበታ።"

ደምሰው መሬት መሬት አየ። "መፍራትሽ ውሸት አይደለም" አለ ቀስ ብሎ። "ልጅ ሳለሁ አባቴ ማጭድ አምጣ ብሎ እንዲህ ካለ ደጅ ይልከኝ ነበር። ከአጥር ውጭ ቆሜ ነው የምቀበል። ውስጡ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን እንኳ አላየሁም። አጮልቄ ሳይ እናቴ ሰምታ ገርፋኛለች።" ትንሽ ቆየና ወደ ቦሼ ዞረ። "አባት፣ ቤት የሚበላ ነገር ይኖራል? ርቦኛል።"

ምሳ ከበሉ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። ሦስት እንቁላል እንደበላ ሁሉም አይተዋል።

"ጎደሬ ነው ያለኝ" አለ ቦሼ፤ ይህም ሰውዬው ሐሳቡን እንዲለውጥ መንገድ መስጠቱ ነበር።

"ጎደሬ እወዳለሁ።"

"ሽማግሌዎችህ አይበሉልህም" አለ ቦሼ፤ አሁን ነገሩን በግልጽ አወጣው።

"ከኔ በኋላ ይበሉ ይሆናል።"

"ባይበሉስ?"

"የማገባት እኔ ነኝ" አለ ደምሰው። "እኔ እበላለሁ።"

ቤቱ ጨለም ያለች፣ የከሰልና የብረት ሽታ ያላት ጎጆ ናት። ደምሰው ጎንበስ ብሎ ቀድሞ ገባ። ያለምወርቅ እንባዋን እየጠረገች ተከተለችው። ጥላሁን ግን ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"እኔ እዚሁ ልሁን፤ ጫማዬ ጭቃ ነው" አለ።

"በጥር?" አለችው ያለምወርቅ ከውስጥ።

ጥላሁን ጫማውን አየ። ደረቅ ነበር። ፊቱ ቀላ፤ አንድ እግሩን አስገብቶ አንዱን ውጭ አስቀርቶ ደፉ ላይ ተቀመጠ። የምስኪኑን ሰው ነገር ማክፋት አይገባም፤ ለአንድ ቀን ግማሽ አካልም ቀላል አይደለም።

ቦሼ ያለችውን አንዲት በርጩማ ጠርጎ ከልማዱ የተነሣ ለአረጋሽ አቀረበላት። "ይቀመጡ፣ እሜቴ" አላት፤ አፉ እንደለመደው። ከዚያ ጎደሬውን በእንጨት ገበታ አቀረበ፤ ከጣሪያው ክዳን ውስጥም አዲስ ቢላዋ መዘዘ። እጀታው ገና ዘይትና ጥላሸት ያልነካው ነጭ እንጨት ነበር። አረጋሽ ስታየው አወቀችው፤ የዛሬው ቅዳሜ ቢላዋ ነው። እንደማትመጣ እያወቀ ሠርቶታል።

ደምሰው በዚያ ቢላዋ ጎደሬውን ላጠ፣ ቆረጠ፣ በላ። ቦሼ ተንበርክኮ ሲያኝከው አየው፣ ሲውጠው አየው። ደምሰው ሁለተኛ ቆረጠ። ሽማግሌው የሰውዬው ጉሮሮ ለሁለተኛ ጊዜ ወረድ ወጣ ሲል አይቶ ካበቃ በኋላ፣ ረጅም ትንፋሽ ወሰደና ወደ ሴት ልጁ ዞረ። ፊቱ ድንገት ተኮሳተረ።

"አንቺ አረጋሽ!" ብሎ ጮኸባት። "እንግዳ ጎደሬ በደረቁ ሲበላ በርጩማ ላይ ተጎልተሽ ታያለሽ? ከተማ ይህን ነው ያስተማረሽ? ተነሺ፣ ከምንጩ ውሃ አምጪ!"

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አባቷ በሰው ፊት እንደ ልጁ ቆጥቷት አያውቅም። ከታች ከመንገዱ የኤንትሬው ጥሩምባ አንድ ጊዜ ተሰማ። ጥላሁን ሰዓቱን አየና ከደፉ ሳይነሣ ቀረ፤ ደምሰው ሦስተኛውን ጎደሬ አነሣ።

"እሺ፣ አባባ" አለች አረጋሽ። ቅሉን ከምሰሶው አውርዳ፣ የጥላሁንን እግር ተሻግራ፣ እየሮጠች ወደ ምንጩ ወረደች።